ስምንት እሽግ ደረቅ ምግብ ይዞ አቡነ ዮሴፍ ላይ ማደር፦ የሞከረ ሰው አለ?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምጽፈው ከደሴ ነው። ሥራዬ ሞባይል መጠገን ነው፤ ተራራ መውጣት አይደለም። የጦሳን ተራራ በየማለዳው የሱቄን በር ስከፍት ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ የወጣሁት ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም አንደኛው የጠፋ በግ ፍለጋ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ምክር የምትሰጡኝ ሰዎች እንደ አዋቂ ቆጥራችሁ ነገሩን እንዳታሳጥሩብኝ ነው።

ሚኒሶታ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለገና መጥቶ ነበር። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ሁለት ሌሊት እናድራለን ብሎ ድንኳን፣ ወፍራም የመኝታ ከረጢትና ስምንት እሽግ ደረቅ ምግብ ሸክፎ መጣ። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ቶሎ ተመለስ አለውና እሱ ሄደ፤ ዕቃው እኔ ዘንድ ቀረ። እኛ ግን አንዴ ልባችን ተነሥቷል። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ሐሙስ ከላሊበላ ወጥተን ቅዳሜ ልንመለስ ተስማምተናል። አራት ነን፦ እኔና ታናሽ ወንድሜ፣ ጨርቅ የሚነግድ ጓደኛዬና ሚኒባስ የሚነዳ ጎረቤታችን።

እሽጉን ቅመም የምትሸጥ ጎረቤቴ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ ከነመያዣው 150 ግራም አይሞላም። ሲጨብጡት እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። የፈላ ውሃ ጨምራችሁ ዐሥር ደቂቃ ብትጠብቁ የሁለት ሰው እራት ይሆናል ይላል ጽሑፉ። እኔ ከእናቴ የተማርኩት ደግሞ ሽሮ እንኳ በደንብ ካልተንተከተከ ወጥ እንደማይባል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ። ከስምንቱ ሁለቱ ዶሮና ሩዝ፣ አንዱ የከብት ሥጋ ያለበት ፓስታ፣ ሁለቱ ማካሮኒ በአይብ፣ ሁለቱ ሩዝ በቦሎቄ፣ አንዱ ደግሞ የቁርስ እንቁላል ነው። ከአራታችን ሁለታችን ክርስቲያን፣ ሁለቱ ሙስሊም ናቸው። ወሎ ውስጥ ይህ ለማንም አዲስ አይደለም፤ በሠርግም ሆነ በሐዘን ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ድስት ይጣዳል፣ ከዚያ አንድ ዳስ ሥር ተቀምጠን እንበላለን። ይህን ዶሮ ግን ማን በማን ስም እንዳረደው ከረጢቱ ላይ አልተጻፈም። ለእነሱም አይሆንም፣ ለእኛም አይሆንም። በዚያ ላይ መካከለኛው ቀን ዓርብ ነው፤ እኔና ወንድሜ እንጾማለን።

ጥያቄዬ ይኸው፦ እንዲህ ያለውን ምግብ ከፍታ ላይ በልቶ ያደረ ሰው ካለ እውነቱን ይንገረኝ። ያጠግባል ወይ? ውሃው ስንት ይፈልጋል? ወይስ ለአክስቴ ልጅ ይሉኝታ ብዬ አራት ሰው ከማስራብ በሶዬን ልያዝ?

---

የላስታው በቅሎ (ላሊበላ)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ እጄ ላይ ያለ ነገር ነው። ለረጅም ዓመታት የውጭ እንግዶች ይዤ ያንን ተራራ ወጥቻለሁ፤ አብዛኞቹ ይህንኑ እሽግ ይዘው ይመጣሉ፣ የተረፋቸውን ደግሞ ለእኛ ጥለው ይሄዳሉ። ስለዚህ ከነጣዕሙ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ፣ ከረጢቱን ስትከፍት ውስጡ አንዲት ትንሽ የታሸገች ወረቀት ታገኛለህ። እሷን አውጣ። ውስጧ ያለው ምግቡ እንዳይበላሽ ኦክስጅን የሚስብ የብረት ዱቄት ነው፤ ቅመም አይደለም። አንድ እንግዳዬ ከነእሷ አማስሎ በልቶ፣ ወረቀቷን ከሥር ያገኛት ማንኪያውን ሲልስ ነው። ምንም አልሆነም፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ እኔን ቀስቅሶ "ደህና ነኝ?" ሲለኝ አደረ።

ውሃውን ከጨመርክ በኋላ ረጅም ማንኪያ ይዘህ የከረጢቱን ማዕዘኖች ቆፍር። ዱቄቱና ጨው እዚያ ይደበቃሉ፤ ያላማሰልከው እንደሆነ ላዩ ልጥልጥ፣ ታቹ መርግ ይሆንብሃል። ከዚያ አፉን ዘግተህ በጋቢ ጠቅልለው። ዐሥር ደቂቃ የሚለውን እርሳው፤ እዚያ ላይ ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው።

ሌላው፣ የአክስትህ ልጅ ምድጃ ቢያመጣ እንኳ የምድጃውን ጋዝ አላመጣም፤ በአውሮፕላን አይፈቀድም። እዚህም እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም። ትንሽ የላምባ ምድጃ ያዙ። እንጨት እንለቅማለን ብላችሁ አትውጡ። ላይኛው ያለው አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ነው፤ አስታ ደግሞ እስኪያድግ ዕድሜ ይፈጃል፣ የአካባቢው ሰውም ጠብቆ ያቆየው ነው። ከሰፈሩ ሰው ጠባቂና በቅሎ ይዛችሁ ውጡ፤ ለእነሱም እንጀራ ነው፣ ለእናንተም መንገድ አለመሳት ነው።

ውሃ በጥር ወር ላይኛው ላይ አትመኑ። ከታች ሞልታችሁ ውጡ። አንድ እሽግ ግማሽ ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ ብዙ አይመስልም፣ ግን ጨው የበዛበት ስለሆነ ከበላችሁ በኋላ እናንተም ትጠጣላችሁ።

ካልሞከርከው ነገር ጋር ተራራ ላይ አትገናኝ። አንዱን እቤትህ ሞክረው።

---

ቁራሽ

ዳቦ ቆሎ ይዛችሁ ሂዱ። አራት ኪሎ። ጨርሻለሁ።

---

መምህር ዘኮምቦልቻ

የላስታው ወንድማችን "ዐሥር ደቂቃውን እርሳው" ያለው ትክክል ነው፤ ምክንያቱን እኔ ልጨምርበት። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። እኛ ኮምቦልቻ ላይ ከተማሪዎቼ ጋር ስንለካው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ደሴ ላይ ወደ 92 ይወርዳል። 4,000 ሜትር ላይ ስትደርሱ 87 ዲግሪ ላይ መንተክተክ ይጀምራል። አቡነ ዮሴፍ ጫፉ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ምድጃችሁን የፈለጋችሁትን ያህል ብታነዱ ክዳኑ ክፍት የሆነ ድስት ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ላምባችሁ ነው የሚያልቀው። ጥሬ ምስር እዚያ ላይ ለማብሰል የሞከረ ሰው እስከ ንጋት ይጠብቃል።

የእሽጉ ምግብ ግን አስቀድሞ የበሰለ ነው። የሚፈልገው መብሰል ሳይሆን መራስ ነውና ትዕግሥት ብቻ ይበቃዋል።

ስለ አደራረቁም አንድ ነገር ልበል፤ ተማሪዎቼ ስለሚወዱት ነው። በፀሐይ ወይም በሞቃት አየር የደረቀ ነገር ይጨማደዳል፤ ቃሪያ ሲደርቅ አይታችኋል። መልሳችሁ ብትዘፈዝፉትም ወደ ቀድሞው መልኩ ለመመለስ ሰዓት ይፈጅበታል። ሌላኛው ዘዴ ምግቡን አስቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ በረዶ ማድረግ፣ ከዚያ አየሩ በተመጠጠበት ክፍል ውስጥ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ተን ሆኖ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ በውርጭ ሌሊት የተሰጣ ነጠላ እንደ ጣውላ ተገትሮ ያድርና ሳይንጠባጠብ ይደርቃል። እንዲህ የደረቀ ምግብ ቅርጹ አይለወጥም፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ውሃ ሲያገኝ ወዲያው ይጠጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የደም ፕላዝማና ፔኒሲሊን ወደ ግንባር የሚላኩት በዚህ ዘዴ ደርቀው ነበር። ከፋብሪካው በፊት ደግሞ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ድንቻቸውን ሌሊት ውርጭ እያስመቱ፣ ቀን በእግራቸው እየረገጡ ውሃውን አውጥተው ለዓመታት ያስቀምጡት ነበር፤ ቹኞ ይሉታል።

ለጠያቂው፦ ያንተ ሩዝ ምናልባት በመጀመሪያው መንገድ፣ አይቡና ዶሮው በሁለተኛው የደረቁ ይሆናሉ፤ አንድ ከረጢት ውስጥ ሁለቱም ይደባለቃሉ። ስለዚህ ከረጢቱን "ደርሷል" የሚያሰኘው ቀድሞ የለሰለሰው ሳይሆን ሩዙ ወይም ቦሎቄው ነው። እሱን ቅመስ።

የጾሙንና የእርዱን ነገር በተመለከተ የፊት ለፊቱን ሥዕል አትመን። ከጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን እስከ መጨረሻው አንብብ። ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴና የመሳሰሉት አለርጂ የሚያስነሡ ነገሮች በግልጽ ይጻፋሉ። ጄላቲን የሚል ካለም አስተውል፤ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው።

---

የሐይቅ ዳሯ

አብሽር ወንድሜ። ይህ ሁሉ ሳይንስ እንዳያስፈራህ።

እኔ ሐይቅ ከተማ ነው የምኖረው፤ ድርቆሽና ቋንጣ አዘጋጅቼ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ለሚልኩ ሰዎች እሸጣለሁ። መምህሩ ያሉት ውሃን ማውጣት የኔም ሥራ ነው፤ ልዩነቱ የኔ ፋብሪካ የጣሪያ ቆርቆሮና ነፋስ መሆኑ ነው።

ድርቆሹን ራስህ አድርቅ፤ ገዝተህ አትያዝ። እንጀራው ስስ ይሁን፣ የአንድ ቀን ያደረ ይሁን። ትኩሱን ብታሰጣው ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥበት ይዞ ይሻግታል። ቆራርሰህ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጣው፣ በየሰዓቱ ገልብጠው። ስትሰብረው "ቀጭ" ካላለ አልደረቀም። በርበሬም ዘይትም አስቀድመህ አትለውስበት፤ ዘይት አይደርቅም፣ ይከረፋል እንጂ። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቁሌቱን ከድርቆሹ ጋር አንድ ላይ ያደርቁታል፣ በሳምንቱ ሽታው ይለወጣል። ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ ለብቻ፣ በርበሬውን ለብቻ ያዝ።

ቋንጣውም እንደዚሁ ነው። ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ፣ በቀጭኑ የተዘለዘለ፣ ጨውና በርበሬ ጠጥቶ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ገመድ ላይ የተሰቀለ። ጮማው ስለሚከረፋ አስቀድመህ አንሣው። አራት ሆናችሁ ስለምትሄዱ ደግሞ ሁለት ቋንጣ ያዙ፣ በሁለት ጨርቅ፣ አንዱ በአረንጓዴ ክር አንዱ በነጭ ክር የታሰረ። እናቴ ለሠርግ የምታደርገው እንደዚያ ነው። ድስቱም ሁለት ይሁን።

እሽጉን አትጣል፣ ሞክረው። እኔ ራሴ ልጄ ከሪያድ የላከልኝን የታሸገ ሾርባ መጀመሪያ ሳየው ስቄ ነበር፤ ታምሜ የተኛሁ ቀን ግን ተነሥቼ ሽንኩርት መላጥ ስላልቻልኩ ያዳነኝ እሱ ነው።

---

ጦሳ ሥር (ደሴ)

አመሰግናለሁ። እትዬ የሐይቅ ዳሯ፣ የክሩን ነገር ለጨርቅ ነጋዴው ጓደኛዬ ነግሬዋለሁ፤ አረንጓዴው ክር ከሱቁ መጥቷል።

መምህር፣ እርስዎ ባሉት መሠረት የእሽጎቹን ጀርባ በሞባይሌ ፎቶ አንሥቼ አጉልቼ አነበብኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቁርሱ እንቁላል ውስጥ በደቃቁ "ቤከን" የሚል አለ። የአሳማ ሥጋ! ይኸኛው እንኳ በእርድ የሚያለያየን አይደለም፤ አራታችንንም በአንድነት የሚያስነሣ ነው። የሩዝ በቦሎቄው ላይ ግን ወተትም እንቁላልም የለበትም፤ ለዓርብ ተለየ።

የላስታው እንዳለው አንዱን ማካሮኒ እቤት ሞከርነው። በዐሥራ ሦስት ደቂቃ ደረሰ። ወንድሜ ወደደው። እናቴ አንድ ማንኪያ ቀምሳ "አይቡ የታለ?" አለች፤ አይብ ማለት ለእሷ ነጭና ፍርክስክስ ያለ፣ ጎመን ላይ የሚደረግ ነገር ነው፤ ይኸኛው ብርቱካን መሳይ ቀለም አለው። በምን እንደቀላ ማስረዳት አልቻልኩም።

እንግዲህ ከስምንቱ ተራራ የሚወጡት ሦስት ብቻ ሆኑ። ስንመለስ እጽፋለሁ።

---

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ተመልሰናል። ጉልበቴ አሁንም ደረጃ ሲያይ ይቆጣል። የምጽፈው ረዘም ይላል፤ ሥራ ያለበት ሰው ይለፈው።

ረቡዕ በወልድያና በጋሸና በኩል ሄደን ላሊበላ አደርን። ጋሸና ላይ ሻይ ጠጣን፤ የጋሸና ብርድ ከሻይ ብርጭቆ ውስጥ ሙቀቱን ሰርቆ ይሄዳል፤ ስለ ተራራው የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ያገኘሁት እዚያ ነው። ሐሙስ ማለዳ በአሸተን ማርያም በኩል ሽቅብ ያዝን። አንድ በቅሎና ባለበቅሎው አባባ፣ አንድ ጠባቂ አብረውን ነበሩ። ሃያ ሊትር ውሃ በሁለት ጄሪካን ጫንን፤ በቅሎዋ ላይ ከምግቡ ሁሉ የከበደው እሱ ነው። የእሽግ ምግብ ይቀላል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ክብደቱን ግን ወደ ጄሪካኑ አዛወረው እንጂ አላጠፋውም። ወንዝ ባለበት አገር ለሚሄድ ሰው የተሠራ ነው። በእኛ አገር የጥር ተራራ ላይ ውሃውን ተሸክመህ ነው የምትወጣው፤ እንግዲያው ደረቅ የሆነው ምግብ ምን ጠቀመ? ይህን ስል አባባ "እንጀራ ብትይዙ ኖሮ ውሃው ውስጡ ነበር" አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ሐሙስ ማታ ድንኳኑን የተከልነው ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል የበዛበት ሜዳ ጠርዝ ላይ ነው። ነፋሱ የምድጃውን እሳት ሦስት ጊዜ አጠፋው። ድንጋይ ከመርን፣ በላዩ ጆንያ ወጠርን፣ ከዚያ ፈላ። ማካሮኒውን በከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ውሃ ጨምሬ፣ ማዕዘኑን ቆፍሬ፣ በጋቢዬ ጠቅልዬ ታቅፌው ተቀመጥኩ። ምግቡ እስኪደርስ ሆዴን ያሞቀኝ እሱ ነው፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ምስጋና ይገባዋል። በሃያ ደቂቃ ስከፍተው አይቡ ቀልጧል፣ ማካሮኒው ግን መሐሉ ላይ ገና ቆሎ ነው። ሌላ ዐሥር ደቂቃ ጠበቅን። ደረሰ።

ጨርቅ ነጋዴው ጓደኛዬ "ይህ አይብ በምን ነው የረጋው?" ብሎ ጠየቀ። አይብ አንዳንዴ ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ነገር እንደሚረጋ የሆነ ቦታ አንብቧል። ጽሑፉን ደግመን አየን፤ ኢንዛይም ይላል፣ የምን እንደሆነ አይልም። ተወው። የራሱን ቋንጣ፣ ያንን በአረንጓዴ ክር የታሰረውን፣ ደረቁን እየቆረጠመ የእኛን ፊት ይመለከት ነበር። ሹፌሩ ግን "እኔ ኢንዛይም አላውቅም" ብሎ ማንኪያውን አነሣ። ስለዚህ ሦስት ሆነን በላን። የሁለት ሰው ይላል። የየትኛው አገር ሁለት ሰው እንደሆነ ከረጢቱ ቢጽፈው ጥሩ ነበር፤ ሦስት ሰው በልቶ አንድም አልጠገበም። ለአባባ አንድ ማንኪያ አቀረብንላቸው። ቀመሱ፣ አሰቡ፣ "ለታመመ ሰው ነው" አሉና የገብስ ቂጣቸውን አወጡ። የላስታው ያልከው ጨው ደግሞ እውነት ነው፤ ሌሊት አራታችንም በየተራ ለውሃ ተነሣን። የኮዳዬ ውሃ አፉ ላይ በስሱ በረዶ ሠርቶ ነበር።

ድርቆሹ ላይ በደል ፈጸምኩ። እትዬ እንዳሉት አደረቅሁት፣ "ቀጭ" ብሏል፣ ዘይቱም ለብቻው ነው። ግን ጆንያ ውስጥ ከትቼ በቅሎዋ ላይ ከጄሪካኑ ሥር ጫንኩት። ስፈታው ድርቆሽ አልነበረም፤ ዱቄት ሆኖ ነበር። ቁሌት ሠርተን ስንጨምረው ፍርፍር ሳይሆን ቀይ ገንፎ ወጣልን። በላነው፤ ጣዕሙ ደህና ነበር፤ መልኩን ግን ፎቶ አንሥቼ ለእርስዎ መላክ አፈርኩ። ለካ አገልግል የተፈጠረው በምክንያት ነው።

ዓርብ ማለዳ ቀይ ቀበሮ አየን። አንድ ነበር፤ በውርጩ ላይ ቀስ ብሎ እየተራመደ አይጥ ያደን ነበር። ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ እዚህ አላባክነውም። ጭላዳዎቹም ብዙ ነበሩ፤ ሣሩን ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው እየነጩ ሲበሉ ሳይ፣ በዚያ ተራራ ላይ ስንቅ የማያስጨንቀው ማን እንደሆነ ገባኝ።

እኔና ወንድሜ እስከ ስድስት ሰዓት ጾመን ወደ ጫፉ ተጓዝን። ሹፌሩና ነጋዴው ማለዳ በሶ በስኳር በጥብጠው ጠጥተው ነበር። ልዩነታችን ሽቅቡ ላይ ታየ፤ እነሱ ይስቃሉ፣ እኛ እንቆማለን። በስድስት ሰዓት ነፋስ የማይገባበት ቋጥኝ ሥር ተቀምጠን እኔ በሶውን በትንሽ ዘይት፣ በጨውና በሚጥሚጣ ለውሼ ጭብጦ ሠራሁ። እሳት የለ፣ መጠበቅ የለ፣ ሩብ ሊትር ውሃ እንኳ አልፈጀም። መምህር፣ እርስዎን ያስታወስኩት እዚያ ነው። አስቀድሞ የበሰለና የደረቀ ምግብ ሲሉ በሶ አልመጣልዎትም? ገብሱ ተቆልቷል፣ ተፈጭቷል፤ ለመብላት የሚፈልገው ቀዝቃዛ ውሃና ጣት ብቻ ነው። 87 ዲግሪም 94 ዲግሪም ለእሱ አንድ ናቸው።

አሁን ግን ፍርዴን እንዳትገምቱ። ዓርብ ማታ የሆነው ሌላ ነው። ከጫፉ ስንመለስ ጭጋግ ወረደብን፣ ልብሳችን ራሰ፣ ወንድሜ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሽንኩርት የሚከትፍ ጣት ያለው ሰው በመካከላችን አልነበረም። ሁለቱን ሩዝ በቦሎቄ በከረጢቱ ሳይሆን በድስት ገለበጥኳቸው፣ ውሃ ጨምሬ ክዳኑን ገጥሜ በትንሽ እሳት አምስት ደቂቃ አንተከተክሁና አውርጄ በጋቢ ጠቅልዬ ሩብ ሰዓት አቆየሁት። በሐሙሱ ስሕተት የተማርኩት ይህን ነው፤ ከረጢቱ ከድስቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት። ሩዙ ለስልሶ፣ ቦሎቄው ደርሶ፣ ትኩስ ሆኖ ወጣ። ጾመኛው ጾሙን ሳይፈታ፣ ነጋዴው ሳይጠራጠር አራታችንም ከአንድ ድስት በላን፤ በሦስቱ ቀን ከአንድ ድስት የበላነው ይኸኛው ብቻ ነው። ጓደኛዬ ቢስሚላህ፣ እኛ በስመ አብ ብለን ነው የጀመርነው። አባባም ጾመኛ ናቸውና ጠየቁን፣ ምን እንዳለበት ነገርናቸው፣ ሁለት ጊዜ ጭልፋ ተቀበሉ። "ለታመመ ሰው" የሚለውን ቃላቸውን አላነሡም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም። በዚያች ሌሊት በሶ አልፈልግም ነበር። ትኩስ ነገር ነው የፈለግሁት፣ እሱንም ያገኘሁት ከሚኒሶታ ነው።

ቅዳሜ ቁልቁለት ነው፤ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን ወረድን። ቁራሽ፣ አራት ኪሎ ግን በዝቷል።

---

የላስታው በቅሎ (ላሊበላ)

በሰላም መግባታችሁ ደስ ብሎኛል። ባዶ ከረጢቶቹን ይዛችሁ ወረዳችሁ ወይ? ውስጣቸው አልሙኒየም የተለበደ ስለሆነ አይበሰብሱም፤ ብታቃጥሏቸውም ሽታውና ቅሪቱ ይቀራል። ባለፈው ዓመት አንድ ቡድን ከቋጥኝ ሥር ቀብሮ ሄዶ፣ ቁራ ቆፍሮ አውጥቶ ሜዳውን ሁሉ ነዛው።

---

የሐይቅ ዳሯ

ያ ጀማዓ፣ ድርቆሽ ከጄሪካን ሥር? አላህ ይቅር ይበልህ። ቀይ ገንፎውን ግን አትናቀው፤ ለልጆች ሆን ብዬ እንደዚያ የምሠራበት ጊዜ አለ።

ባዶዎቹን ከረጢቶች አጥበህ ላክልኝ። ተጫኖ የሚዘጋ አፍ ካላቸው ለጥቁር አዝሙድና ለኮረሪማ ይሆኑኛል፤ ብርሃን አያሳልፉም።

---

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ወንድሜ፣ ሦስቱንም ይዘን ወርደናል። እትዬ፣ የሩዝ በቦሎቄዎቹን ሁለቱን አጥቤ በጎረቤቴ ሚኒባስ እልክልዎታለሁ። የማካሮኒዎቹን ግን አይፈልጓቸው፤ የመጀመሪያውን እናቴ በሙቅ ውሃና በኦሞ ሦስት ጊዜ አጥባው ፀሐይ ላይ ሰቅላዋለች፣ እስካሁን ያ ብርቱካን አይብ ይሸታል።

ያልተከፈቱት አራቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። የአክስቴ ልጅ በስልክ "ለዓመታት ይቆያሉ፣ አትቸኩል" ይላል። እኔ ደግሞ በየቀኑ ስከፍተው ያ እንቁላል ያየኛል። የላስታው፣ ለሚመጡ እንግዶችህ ይሆኑ ይሆን?

---

የላስታው በቅሎ (ላሊበላ)

ይሆናሉ፤ ለጎረቤትህ ስጠው፣ ከመናኸሪያ እቀበለዋለሁ። የእንቁላሉ ላይ ግን ምን እንዳለበት በአማርኛ በትልቁ ጻፍበት። አብሳዬ እንግዳ የተወውን ሁሉ ይቀምሳል።